የናቡቴ መዝገብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ፊልም ነው። ርእሱ ለጉባኤ አይመጥንም የሚሉ አባቶችና እናቶች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ትንሽ ይታገሡኝ። በቦሳ ኪቶም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በሰቃ ልጆቻችን ማታ ማታ ምን እንደሚያዩ ካላወቅን፣ ስለ ነፍሳቸው የምንናገረው ከጆሯቸው አይደርስም። ድሮ ቪዲዮ ቤት ከፍለው በትርጉም ያዩት የነበረውን ዛሬ ከቴሌግራም አውርደው በስልካቸው ያያሉ። ከሚያዩት ውስጥ አንዱ ዓይነት በተለይ ይስባቸዋል። ሰው ይገደላል፤ ገዳዩ ባለሥልጣን ወይም የባለሥልጣን ወዳጅ ነው፤ ፖሊሱ ጉቦ በልቷል፤ ከተማው በሰልፍና በጥይት ይናጣል፤ በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው እውነቱን ሳላወጣ አልተኛም ይላል።

ጥያቄያቸው አጭር ነው፦ «መምህር፣ ይህን ማየት ኃጢአት ነው ወይ?»

በአንድ ቃል የሚመለስ ቢሆን እዚሁ ጨርሰን በተሰናበትን። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱሳችንም እንዲህ ያሉ ታሪኮች አሉበት፤ ያውም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ አስቀድመን መጽሐፉ ወንጀልን እንዴት እንደሚተርክ እንመርምር። ከዚያ ፊልሙን በዚያ እንመዝነዋለን።

ከአባቶች ወገን ትያትርን አጥብቆ የተቃወመውን ብንፈልግ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅን እናገኛለን። በአንጾኪያም በቁስጥንጥንያም ሳለ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ ወደ ፈረስ ግልቢያና ወደ ትያትር ቤት ሲጎርፍ በብርቱ ቃል ገሥጿል። እ.ኤ.አ. በ399 ዓ.ም. ያስተማረው ተግሣጽ እስከ ዛሬ ይነበባል። ትያትር የሚጠሉ ሰባክያን እርሱን ይጠቅሳሉ፤ ልክም ናቸው። ሆኖም የዚሁ አባት ሕይወት ፍጻሜ ምን እንደሚመስል አስተውሉ። ስንክሳሩ እንደሚተርከው ንግሥት አውዶክስያ የአንዲት ድሀ መበለት ቦታ ወሰደች፤ ሊቀ ጳጳሱ መልሺ አላት፤ እምቢ ብትል አወገዛት፤ እርስዋም አሳደደችው። እ.ኤ.አ. በ407 ዓ.ም. በስደት መንገድ ላይ አረፈ። ባለ ሥልጣን የድሀ መሬት ሲነጥቅ፣ ሕግ ሲጣመም፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲቆም፤ ትያትር ጠላ የምንለው አባት ራሱ እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ኖሮ አረፈ። ታሪኩንም በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን እናነበዋለን። እንግዲህ አባታችን የጠላው ከንቱውን ጨዋታ፣ ዝሙቱንና ሥራ መፍታቱን ነበር። የተበደለ ሰው ታሪክ እንዳይነገር አልከለከለም።

አሁን ወደ ነቢዩ ናታን እንሂድ። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወሰደ፤ ነገሩ እንዳይገለጥ ኦርዮን በጦር ግንባር እንዲሞት ለጦር አለቃው ለኢዮአብ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውን ይዞ የሄደው ኦርዮን ራሱ ነበር። የሞት ማዘዣውን በእጁ ይዞ የሚጓዝ ታማኝ ወታደር! የትኛውም የፊልም ደራሲ ከዚህ የሚከብድ ትዕይንት አልጻፈም። ግድያው የጦር ሜዳ አደጋ ተብሎ ተዘጋ። ምስክር የለም፤ የሚከስም የለም። እግዚአብሔር ናታንን ሲልክ ነቢዩ ወደ ንጉሡ ገብቶ በቀጥታ አልከሰሰም። አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድሀና ብዙ መንጋ ስላለው ባለጠጋ ታሪክ ነገረው። ዳዊት ሰማ፣ ተቆጣ፣ በባለጠጋው ላይ ሞት ፈረደ። ያን ጊዜ ናታን ጣቱን ወደ ንጉሡ አዞረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የዛሬው ትምህርት ሥሩ ያለው እዚህ ነውና። ነቢይ በእግዚአብሔር ተልኮ ያልሆነ ታሪክ ተረከ። ያ ባለጠጋም ያ ድሀም በስም የሚታወቁ ሰዎች አልነበሩም። ታሪኩ ግን ንጉሡን በራሱ ላይ ዳኛ አደረገው። ስለዚህ ልብ ወለድ በመሆኑ ብቻ የሚኮነን ታሪክ የለም። የሚጠየቀው ጣቱ በመጨረሻ ወደ ማን ይዞራል የሚለው ነው። ወደ ክፉው ባለሥልጣን ብቻ ጠቁሞ እኔን ከወንበሬ ደስ ብሎኝ የሚያስነሣ ፊልም የናታንን ሥራ ግማሹን ብቻ ሠርቷል። ዳዊትም እስከዚያች ግማሽ ድረስ ደስ ብሎት ነበር፤ በሌላ ሰው መፍረድ ደስ ያሰኛልና።

ትልቁ መዝገብ ግን የናቡቴ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 ተጽፏል፤ ብዙዎቻችሁ ከልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ እንደ መርማሪ ፖሊስ እናንብበው፦ ማን ምን አደረገ? ማን ምን አወቀ? ማን ዝም አለ?

ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ለአትክልት ቦታ ፈለገው። ጥያቄው ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ ሌላ የተሻለ ወይን እሰጥሃለሁ ወይም ዋጋውን በብር እከፍልሃለሁ አለ። ናቡቴ እምቢ አለ። ግትርነት አይደለም፤ በኦሪቱ ሕግ መሬት የእግዚአብሔር ነው፤ የአባቶች ርስት ለዘለዓለም አይሸጥም። ቡና አምራች የሆናችሁ ይህን ለማንም ሳታስረዱ ትረዱታላችሁ። አያት የተከለውን ቡና ዋጋው ስንት ነው ቢሏችሁ ቁጥር አይመጣላችሁም። ንጉሡ ተቆጥቶ ቤቱ ገባ፤ አልጋው ላይ ተኛ፤ ፊቱን አዞረ፤ እህል አልበላም አለ። ሥልጣን ያኮረፈ ጊዜ ሰው ይሞታል።

ሚስቱ ኤልዛቤል ደብዳቤ ጻፈች፤ በንጉሡ ስም፣ በንጉሡ ማኅተም። ማኅተም በእኛ አገር ምን እንደሚያደርግ ለቦሳ ኪቶ ሰው አልነግርም። ደብዳቤው የሄደው በናቡቴ ከተማ ወደሚኖሩ ሽማግሌዎችና ታላላቆች ነው። ትእዛዙ ይህ ነበር፦ ጾም ዐውጁ፤ ናቡቴን በሕዝቡ ፊት በክብር ቦታ አስቀምጡት፤ ሁለት ምናምንቴ ሰዎች በፊቱ አስቀምጡ፤ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ብለው ይመስክሩበት፤ ከዚያ አውጥታችሁ ውገሩት።

ኤልዛቤል ሕግ አልጣሰችም፤ ሕጉን ተጠቀመችበት። ኦሪት ሁለት ምስክር ይጠይቃል፤ ሁለት ቀረቡ። ፍርዱ በአደባባይ ይሁን ይላል፤ በአደባባይ ሆነ። ሁሉም ነገር መዝገብ ላይ ልክ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ጾም መታወጁ ነው። ሰው ለመግደል ጾም ዐወጁ! ያ ሕዝብ በዚያ ቀን ራሱን በእግዚአብሔር ፊት እያዋረደ ያለ መስሎት ነበር። ሃይማኖት ለወንጀል መጋረጃ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው ይህን ምዕራፍ ያንብብ።

ቀጥላችሁ እጆቹን ቁጠሩ። ንግሥቲቱ ጻፈች እንጂ ድንጋይ አልወረወረችም። መልእክተኛው አደረሰ እንጂ ያለውን አላነበበም ይሆናል። ሽማግሌዎቹ የመንግሥት ትእዛዝ ፈጸሙ። ምስክሮቹ ተናገሩ፤ ምናልባት ተከፍሏቸዋል፤ ምናልባት ፈርተዋል። ሕዝቡ ደግሞ ተሳዳቢ ወገረ። ንጉሡስ? ኤልዛቤል መጥታ ናቡቴ ሞቷልና ተነሥተህ ወይኑን ውረስ ስትለው፣ ትናንት ጤነኛ የነበረ ሰው ዛሬ በምን ሞተ ብሎ አልጠየቀም። ተነሥቶ ሄደ። እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ብትጠይቋቸው ገዳይ አታገኙም። ሰውየው ግን ሞቷል።

እግዚአብሔር ኤልያስን የላከው ደብዳቤውን ወደ ጻፈችው አልነበረም፤ ወዳልጠየቀው ሰው ነው የላከው። አክዓብን በወይኑ ቦታ አገኘው፤ ነፍሰ ገዳይና ወራሽ ብሎ ከሰሰው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርተ ሃይማኖት ነው። በሰው ፍርድ ቤት አለማወቅ መከላከያ ሊሆን ይችላል። እንዳያውቅ ብሎ ያልጠየቀ ሰው ግን በእግዚአብሔር ፊት አለማወቁ ራሱ ክሱ ነው። ለቃየልም የቀረበለት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ስለ ወንድሙ ተጠየቀ፤ አላውቅም አለ፤ የፈሰሰው ደም ግን ከምድር ይጮኽ ነበር።

መዝገቡ በዚህ አልተዘጋም። ብዙ አንባቢ የማያስተውለው ማስረጃ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 9 ላይ ይገኛል። ዓመታት አልፈው፣ አክዓብ ሞቶ፣ ልጁ ኢዮራም ነግሦ ሳለ የጦር አለቃው ኢዩ በዚያው በናቡቴ እርሻ ላይ ኢዮራምን ገደለ። ከዚያ ወደ መኰንኑ ወደ ቢድቃር ዘወር ብሎ፣ ሁለታቸው ከአክዓብ በስተኋላ በሠረገላ ሲሄዱ የተነገረውን ቃል አስታወሰው። በዚያ ቃል ውስጥ የናቡቴ ደም ብቻ አልነበረም፤ የልጆቹም ደም ተጠቅሷል። ምዕራፍ 21 ስለ ልጆቹ አንድም ቃል አልተናገረም ነበር! ወራሽ እንዳይነሣ እነርሱም ተገድለዋል ማለት ነው። ይህን ያን ጊዜ የሰሙ ሁለት መኰንኖች ነበሩ፤ ለዓመታት ዝም ብለው አገለገሉ። መጽሐፉ ይህን ማስረጃ ያወጣልን በዝምተኛው ምስክር አፍ ነው፤ ያውም ለራሱ ንግሥና በሚጠቅመው ሰዓት።

በመጽሐፈ ሶስና ደግሞ መድኃኒቱን እናገኛለን። በዚያ ዓመት ዳኞች ሆነው የተሾሙ ሁለት ሽማግሌዎች ንጽሕት ሴትን በሐሰት ከሰሱ፤ ሕዝቡ ዳኞች ናቸውና አመነ፤ ሞት ተፈረደ። ወጣቱ ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር አያችኋት ብሎ ጠየቀ፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። ምስክርን ለያይቶ መጠየቅ ዛሬ በየፖሊስ ጣቢያው የሚሠራበት ዘዴ ነው። በሁከት መካከል ጊዜ ወስዶ መጠየቅ የነቢይ ሥራ እንደሆነ ከዚህ እንማራለን።

በዚህ መለኪያ አንዳንድ ፊልሞችን እንይ። ሁሉንም እዩ ማለቴ አይደለም።

«ዜድ» የሚባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1969 በኮስታ ጋቭራስ የተሠራ ነው። መነሻው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1963 ግሪጎሪስ ላምብራኪስ የተባለ የግሪክ የፓርላማ አባል በተሰሎንቄ ስለ ሰላም ንግግር አድርጎ ሲወጣ በሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ላይ ሆነው ጭንቅላቱን መቱት፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። ባለሥልጣናቱ የመኪና አደጋ ነው ሊሉ ፈለጉ። ክሪስቶስ ሳርትዜታኪስ የተባለ ወጣት መርማሪ ዳኛ ግን ጠየቀ፤ ደግሞ ጠየቀ፤ ክሩ የጸጥታ ሹማምንት ዘንድ አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1967 ወታደሮች መንግሥቱን ገለበጡ፤ ዳኛውም ታሰረ። ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። ቅዱስ ጳውሎስ ሁለት መልእክታት የጻፈላት ያቺ ተሰሎንቄ መሆኗን ሳስብ ይገርመኛል። ፊልሙ የሚያስተምረው መርማሪው ስለ ጀግንነቱ ሳይሆን ስለ ጥያቄው ቅደም ተከተል የተከበረ መሆኑን ነው፦ የት ነበርክ? ማን ላከህ? ማን ከፈለህ? ዳንኤል ማለት ነው።

ሁለተኛው «የናይል ሂልተን ክስተት» ነው፤ በታሪክ ሳሌህ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ካይሮ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2011 አብዮቱ በሚፈነዳበት ሳምንት፣ አንዲት ዘፋኝ በሆቴል ክፍል ተገድላ ትገኛለች። መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2008 በዱባይ የተፈጸመ የሊባኖሳዊት ዘፋኝ ግድያ ነው። የግብፅ ባለሥልጣናት ቀረጻውን ስለከለከሉ ካዛብላንካ ሄደው ቀረጹት። መርማሪው ኑረዲን ራሱ ጉቦ በላ ነው፤ ከሟቿ ቦርሳ ገንዘብ የሚወስድ ሰው። እኔ ይህን ፊልም ከብዙዎቹ የምለየው በዚህ ነው፤ ንጹሕ ጀግና አልሰጠንም። ፍትሕ ሊፈልግ የተነሣው ሰው እጁ የቆሸሸ ነው፤ ያም ቆሻሻ በየደረጃው ይይዘዋል። ብቸኛዋ ምስክር ደግሞ በሆቴሉ የምታጸዳ ሱዳናዊት ስደተኛ ናት። ማንም አይቶ የማያያት ሴት! ከጅማ ዞን ስንት እህቶቻችን በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በኩዌት በሰው ቤት ምን እያዩ፣ ለማን ሊነግሩ እንደማይችሉ እያሰብኩ ስለዚያች ሴት ደነገጥኩ። ፊልሙ ነውረኛ ትዕይንቶች አሉበት፤ ለልጆች የሚሆን አይደለም፤ ይህንም መናገር አለብኝ።

ከአገራችን ደግሞ «ድፍረት»ን እንውሰድ። በዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ተሠርቶ በ2006 ዓ.ም. ታየ። መነሻው በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ የተፈጸመ ነው። የ14 ዓመት ተማሪ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለች፤ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በጠበቃዋ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ራስን መከላከል ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። ያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ይድናል ይል ነበር፤ ይህ ድንጋጌ የተሻረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ኤልዛቤል የለችም። ማኅተም የያዘ ክፉ ሹም አይታይም። የሚታዩት ልማድ የሚሉ ሽማግሌዎች፣ ነገሩን ከቀላል የሚቆጥሩ ፖሊሶች፣ ዝም ያሉ ጎረቤቶች ናቸው፤ የናቡቴ ከተማ ሰዎች።

ስለዚህ ፊልም ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ባለ ታሪኳ ፈቃዴን አልጠየቃችሁኝም ብላ ነበር። በኋላ ፊልሙ ታይቷል። በአዘጋጆቹ ልፈርድ አልችልም፤ የሥራቸው ጥቅም ትልቅ ነው። ጥያቄው ግን የእኛም ነው። የወንድም ቁስል የእኛ ንብረት አይደለም። ስለ ፍትሕ ስንናገር እንኳ የተበደለውን ሰው አስቀድመን ልንጠይቀው ይገባል። በየመድረኩ የሰው መከራ እንደ ምሳሌ ለምንጠቅስ ሰባክያን ይህ ተግሣጽ ነው።

አሁን ስለ ሁከቱ። በእነዚህ ፊልሞች ሁከት ብዙ ጊዜ ጀርባ ማስዋቢያ ነው፤ ጎማ ይነድዳል፣ ሕዝብ ይጮኻል፣ ጀግናው በመካከል ይሮጣል። እኛ ጅማዎች ግን ሁከት ማስዋቢያ እንዳልሆነ በአባቶቻችን ዕድሜ አይተናል። ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በጎጃም ገዥ ሳሉ በ1960 ዓ.ም. በግብር ጉዳይ ገበሬው አመፀባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ አንሥተው ወደ ከፋ ጠቅላይ ግዛት አዛወሯቸው፤ መቀመጫቸውም ጅማ ሆነ። አንድ ሕዝብ የተማረረበትን ሹም ወደ ሌላ ሕዝብ ማዛወር ፍርድ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. የጅማ ሕዝብ ተነሣ፤ ገዥው ይውረድልን አለ፤ ከተማዋን ለጊዜው የሕዝብ ኮሚቴ ያዘ። በዚያ ዘመን በቡና መሬት ላይ ሹማምንት ያከማቹት ርስት ምን ያህል እንደነበር የሚያስታውሱ አረጋውያን ጥቂት አይደሉም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት የተተረተው በከንቱ አይደለም።

ሕዝቡ የጠየቀው ፍትሕ ነበር፤ ጥያቄውም ተገቢ ነበር። ቀጥሎ የመጣውስ? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚደርሱ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የንጉሡ ዘመን ሹማምንት፣ ያለ ፍርድ ቤት ረሸነ። ከእነርሱ መካከል በእርግጥ ሕዝብ የበደሉ ነበሩ። ማን ምን እንደበደለ ግን አንድም ዳንኤል ለይቶ አልጠየቀም። ከዚያ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር መጣ፤ ቀበሌዎች ጦር መሣሪያና የማሰር ሥልጣን ያዙ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አስያዘ፤ ሬሳ መንገድ ላይ ወድቆ ዋለ። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ ምስክሮቹ ቀረቡ፣ ሕዝቡም ወገረ። ክሱ ብቻ ተለወጠ፤ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል የሚለው አብዮቱን ተቃውሟል በሚለው ተተካ። የዚያ ዘመን ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት መቅረብ የጀመሩት በ1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ የደርጉ ሊቀመንበር በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት በ1999 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የወንጀል ፊልም ስታዩ አንድ ነገር ጠብቁ። ባለሥልጣኑ ክፉ ስለሆነ ያለ ፍርድ ሲገደል እልል የምትሉበት ቦታ ከመጣ፣ እዚያ ላይ ፊልሙ ልባችሁን ወስዶታል። አውግስጢኖስ በኑዛዜው ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ የተረከውን አስታውሱ። ጓደኞቹ ሰው ከሰው ወደሚጋደልበት ሜዳ ጎትተው ወሰዱት፤ ዐይኑን ጨፈነ፤ ሕዝቡ ሲጮኽ ገለጠ፤ ደሙን አየ፤ ከዚያ በኋላ ዐይኑን መንቀል አልቻለም። ደም ማየት ይለመዳል። ክፉ ፊልምን ክፉ የሚያደርገው የግድያው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሟቹ ስም የሌለው ሲሆን፣ ሲሞት ማንም ሳያለቅስለት ሲቀር ነው። መጽሐፋችን የናቡቴን ስም ጠብቋል፤ ከተማውን፣ ርስቱን፣ እምቢ ያለበትን ምክንያት ጠብቋል። በናቡቴ ላይ በሐሰት የፈረዱት ሽማግሌዎች ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም።

አሁን ጣቱን ወደ ራሳችን እናዙር፤ አለበለዚያ ይህ ሁሉ ወሬ ይሆናል። ስለ ታላላቅ ሌቦች የሚያወራ ፊልም ታናሹን ሌባ ያስተኛል። ለመታወቂያ ወይም ለይዞታ ማረጋገጫ «ለሻይ» ብሎ ብር የሚሰጥ ሰው፣ ወረፋ ለመዝለል ጉዳይ አስፈጻሚ የሚይዝ ሰው፣ ከገበሬው ጀንፈል ሲቀበል ሚዛኑን የሚያጎድል ሰብሳቢ፣ ያላየውን የድንበር ጠብ ለዘመዱ ብሎ የሚመሰክር ሰው፤ እነዚህ ሁሉ በናቡቴ ከተማ በኢይዝራኤል ቦታ አላቸው። ተገድጄ ነው የሚል ይኖራል። ጉዳዩ መብቱ ሆኖ ሳለ ያለ ገንዘብ እንዳይፈጸምለት የታገተ ድሀ ከተቀባዩ ጋር በአንድ ሚዛን አይሰፈርም፤ ይህን ለንስሐ አባቱ ይንገር፣ ተስፋም አይቁረጥ። የሌላውን ተራ ለመውሰድ የሚሰጥ ግን ከናቡቴ ወይን እየቆረጠ ነው።

ንስሐውስ እንዴት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በንስሐ አባት ፊት ተናግሮ፣ ቀኖና ተቀብሎ፣ የወሰደውን ይዞ ይቀመጣል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 6 ቀምቶ የተጸጸተ ሰው ዋናውን ከአምስት አንድ እጅ ጨምሮ ለባለቤቱ ይመልስ ይላል። ዘኬዎስ በጌታ ፊት አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮችና ጭፍሮች መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት ሥራ ልቀቁ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ፣ ማንንም አታስፈራሩ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ የሚል ትእዛዝ ሰጣቸው። በመካከላችን ፖሊስ፣ የመሬት ባለሙያ፣ የግብር ሠራተኛ የሆናችሁ ይህ ቃል ለእናንተ የተነገረ ነው። የተቀበላችሁት የማን እንደሆነ ከታወቀ ለባለቤቱ መልሱ፤ ካልታወቀ ለድሀ ስጡ፤ ስትሰጡም በስማችሁ አታስነግሩ።

ተስፋ መቁረጥ ግን አይገባም፤ የናቡቴ ምዕራፍ ሁለተኛ ጾም አለበትና። ኤልያስ ከገሠጸው በኋላ አክዓብ ልብሱን ቀደደ፣ ማቅ ለበሰ፣ ጾመ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ምዕራፉ በሐሰት ጾም ተጀምሮ በእውነት ጾም ያልቃል። እግዚአብሔር ያን የክፉ ንጉሥ ጾም ተመለከተ፤ መዓቱን በዘመኑ አላመጣም። ወይኑን ግን መለሰ የሚል ቃል የለም። ቅጣቱ ተላለፈ እንጂ ያልቀረው ለዚህ ይመስለኛል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ሊቃውንት ሌላ ሊሉ ይችላሉ።

ስለ ማየቱም የጠየቃችሁኝን ልመልስ። ነውርን የሚያስመኝና ደም የሚያስለምድ ፊልም አትዩ፤ በጾም ወራት ደግሞ መልካሙንም ቢሆን ተዉት፤ ለጸሎትና ለንባብ ጊዜ ይሁን። ከዚያ ውጭ የተበደለን ሰው ስም የሚያነሣ፣ የወንጀሉን ሰንሰለት እስከ መጨረሻው የሚከተል፣ እናንተንም የሚጠይቅ ፊልም ብታዩ ኃጢአት ነው ብዬ አላስተምርም። ወላጆች ደግሞ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ፤ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ማን ዝም ባይል ኖሮ ሰውየው ይተርፍ ነበር ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን እነርሱ ያገኙታል።

ዝም ያለው ፈርቶ ከሆነም፣ በአገራችን የወንጀል ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 699/2003 ነው። ብዙዎቻችን መኖሩንም አናውቅም። በዚህ ሰሞን በየችሎቱና በየሽምግልናው ለምስክርነት የተጠራችሁ ትኖራላችሁ፤ የቡና መሬት ጠብ በአካባቢያችን መቼም አያልቅምና። ያያችሁትን መስክሩ። ያላያችሁትን፣ ዘመድም ይለምናችሁ ሹምም ይዘዛችሁ፣ አላየሁም በሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።